ስድስት ቅዳሜ፣ 600 ብር፣ ሰባት ጡረተኛ

ማስታወቂያውን ኮፒ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። ሳሪስ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት ፍላሽ ይዛ መጣችና 100 ኮፒ አዘዘች። ማሽኑ ወረቀቱን እየተፋ ሳለ አነበብኩት። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የሙያ ምርጫ ምክር ይሰጣል ይላል። መካሪዎቹ ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ናቸው። ጊዜው ስድስት ቅዳሜ፣ ቦታው የዕድሩ አዳራሽ፣ ክፍያው 600 ብር።

መጀመሪያ ያሰብኩትን አልደብቅም። «ሽማግሌዎቹ ቤት ውስጥ ሰልችቷቸው ነው» ነበር ያልኩት። ቀጥሎ ግን ልጄ ትዝ አለችኝ።

ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። ዓመቱ ሲያልቅ ናቹራል ወይ ሶሻል ብላ መምረጥ አለባት። እኛ ቤት ግን ነገሩ ድሮ ያለቀ ነው። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ «ዶክተሬ» ነው የምንላት። አያቷማ የጉልበቷን ሕመም ለማንም ሐኪም አላሳይም ብላ የልጅ ልጇ እስክትመረቅ እየጠበቀች ነው። ልጅቷ ራሷ ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው ግን የለም። እኔም አልጠየቅኳትም።

መጠየቅ የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ። በ1992 ማትሪክ ተፈትኜ ፎርም የሞላሁት አጠገቤ የተቀመጠችውን ጓደኛዬን እያየሁ ነው። እሷ ሴክሬታሪያል ሳይንስ አለች፣ እኔም አልኩ። ሾርትሃንድ ተማርኩ። በአማርኛ ታይፕራይተር ጣቴ እስኪቆስል መታሁ። ከዚያ ኮምፒውተር መጣና አለቆች ደብዳቤያቸውን ራሳቸው መጻፍ ጀመሩ። ሱቋን የከፈትኩት ያኔ ነው። አልተጎዳሁም፣ ግን መርጬው አይደለም።

በዚህች ሱቅ ስንት ነገር አይቻለሁ መሰላችሁ። ውጤት በወጣ ሰሞን ልጆች የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሊሞሉ ይመጣሉ። «እትዬ፣ ምን ቢሞላ ይሻላል?» ይሉኛል። እኔን! ኮፒ አድራጊዋን! ባለፈው መስከረም የ2017 ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 8.4 በመቶ ናቸው ተባለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 5.4 ነበር፣ ከዚያም በፊት 3.2። ማለፉ ራሱ እንደ ተአምር ስለሚታይ፣ ያለፈው ልጅ ምን እንደሚያጠና የሚጨነቅለት የለም። እልል ተብሎ፣ ለስላሳ ተከፍቶ ያልቃል። ፎርሙ የሚሞላው እኔ ሱቅ ቆሞ ነው፣ ለዚያውም ወረፋ ያለው ሰው ከኋላ እየገፋው።

ስለዚህ 600 ብሩን ከፈልኩ። ወላጅ መግባት ይችላል ስላሉኝ እኔም ስድስቱንም ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የአዘጋጆቹን ስም አልጽፍም። ሰፈሩ ያውቃቸዋል፤ ደግሞ የምወቅሳቸው ነገር ስላለ ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም።

በወቀሳው ልጀምር።

ማስታወቂያው ሦስት ሰዓት ይላል። የመጀመሪያው ቅዳሜ የተጀመረው አራት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ማይክራፎኑ ይጮሃል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይጮሃል። የመጀመሪያው ተናጋሪ ጡረታ የወጡ የመብራት ኃይል ኢንጂነር ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፣ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ክራቫት ያሰሩ። ግን አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ከተወለዱበት መንደር ጀመሩ። ወደ ሶቭየት ኅብረት ለመሄድ አውሮፕላን ላይ ሲሳፈሩ ግማሽ ሰዓት አልፏል። አንድ ዓመት ሙሉ ቋንቋ ብቻ መማራቸውን፣ በረዶውን፣ የተማሪ መኝታ ቤቱን ሾርባ ሁሉ ሰማን። ከፊቴ የተቀመጠ ልጅ ጭንቅላቱ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሥራቸው ጋ የደረሱት ሊጨርሱ አሥር ደቂቃ ሲቀራቸው ነው። የሚገርመው፣ ያቺ አሥር ደቂቃ ግሩም ነበረች። ዋቢ ሸበሌ ላይ የተሠራው የመልካ ዋከና ማመንጫ በ1981 ሥራ ሲጀምር እዚያ ነበሩ። 153 ሜጋ ዋት ነው። ተርባይኑ መጀመሪያ ሲዞር መሬቱ ከእግራቸው ሥር እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሌሊት በኋላ ድምፁ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ከእንቅልፋቸው እንደሚነቁ ነገሩን። ልጆቹ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ግን ሰዓቱ አልቆ ነበር።

አንድ ነገር ግን አከበርኩላቸው። አንድ ልጅ ተነሥቶ ሶፍትዌር ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪካል ብሎ ጠየቃቸው። «ሶፍትዌሩን አላውቀውም ልጄ፣ የልጅ ልጄን ላምጣልህ» አሉት። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ግን እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ስንደርስ አዳራሹ ባዶ ነው። ባዶ ስል፣ ወንበር እንኳ የለም። ሌሊት ሰው ሞቶ ዕድሩ ድንኳኑንም አግዳሚውንም ለቅሶ ቤት ወስዶታል። ነፍስ ይማር፣ ለዚህ ማንንም አልወቅስም። ግን ለ40 ልጅ ወላጅ አንድ አጭር መልእክት መላክ ያቅታል? ስልካችንን ስንመዘገብ ወስደዋል። ከጎተራ በታክሲ የመጣች እናት ነበረች፣ ሁለት ልጅ ይዛ። ያ ቅዳሜ በኋላ ተካክሷል፣ እሱን ልመስክር።

ሌላው ወቀሳዬ ከበድ ይላል። አንድ የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው የሥራ ዓለምን ሳይሆን የስብሰባ ዓለምን ነው ያስተማሩን። ይህን ልተወው። ልጄ ስለ ጂኦሎጂ ስትጠይቃቸው ግን «ሴት ልጅ መስክ አይመቻትም፣ ቢሮ የሚያስቀምጥ ነገር ፈልጊ» አሏት። ከኋላ ሆኜ ደሜ ፈላ። ደግነቱ እኔ ሳልናገር ሌላዋ መካሪ፣ ጡረተኛዋ ነርስ ሲስተር ተናገሩ። ከጥግ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ነበር። «እኔ ሥራ የጀመርኩት በበቅሎ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «በቅሎዋም ሴት ነበረች።» ሰውየው ራሳቸው ሳቁ። ቢሆንም፣ እንዲህ ዓይነት ምክር ከፍዬ የማመጣለት ነገር አይደለም። ሲስተር ባይኖሩ ልጄ ያቺን ቃል ይዛ ቤት ትገባ ነበር።

አሁን ስለ ሲስተር ላውራ። ለእሳቸው ብቻ 600 ብር እከፍላለሁ።

34 ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ቀጭን፣ አጭር፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ። ሰላም ካሉን በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው «ሐኪም ወይም ነርስ መሆን የምትፈልጉ ተነሡ» ነበር። ቆጥሬያለሁ፣ 26 ልጅ ተነሣ። ልጄም ተነሣች። «በሉ እንደቆማችሁ ስሙኝ» አሉና ማውራት ቀጠሉ።

ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው ነበር። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ አንዱ ግድግዳ ተደገፈ። «ግድግዳ የለም» አሉት። ስለ ሌሊት ተረኝነት አወሩ። አራት እናት በአንድ ጊዜ ስታምጥ ማንን ቀድመሽ እንደምታዪ። የምጥ መከታተያ ወረቀቱ ላይ መስመሩ ወደ ቀኝ ሲያጋድል ሆድሽ እንዴት እንደሚላወስ። ሃያ ደቂቃ። አንዷ ጫማዋን አወለቀች፣ እሱን ዝም አሏት። ከቦርሳቸው አንዲት የእንጨት ዕቃ አወጡ፣ አንድ ጫፏ እንደ መለከት የሰፋች፣ ከእጅ ብዛት የወዛች። የፅንስ ልብ ማዳመጫ ናት። በዚህች ነው መብራት በሌለበት፣ ባትሪ በሌለበት የሚሰማው። የፅንሱ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ጊዜ ይመታል አሉ። «ግን ስትጀምሩ የምትሰሙት የእናትየውን ይሆንና በከንቱ ደስ ይላችኋል። ስለዚህ አንድ እጃችሁ የእናትየውን የእጅ ደም ሥር ይይዛል፣ ጆሯችሁ ሆዷ ላይ ይሆናል። ሁለቱ ምት ከገጠመ ልጁን አልሰማችሁትም ማለት ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ዝንብ ብትበር ይሰማ ነበር።

ዕቃዋን አዞሯት። አንድ ልጅ የጓደኛው ደረት ላይ አድርጎ ጆሮውን ለጠፈ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «ይሰማል እንዴ!» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሃምሳ ደቂቃ ሲሆን ሲስተር ሰዓታቸውን አዩ። «አሁንም የምትፈልጉ ባላችሁበት ቁሙ። ሐሳባችሁን የለወጣችሁ ተቀመጡ፣ ማንም አይስቅባችሁም።» 11 ቀሩ። ልጄ ተቀመጠች። ወደ እኔ አላየችም። እኔም እንዳላየ ሰው ቦርሳዬን መፈተሽ ጀመርኩ።

ፈተናው ፍትሐዊ ነው? አይደለም። የዓይን ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሠራል፣ ላቦራቶሪም እንደዚያው። ጎበዝ ሐኪም የሚሆን ልጅ በእግር ድካም ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። ሲስተርም ያውቁታል፤ ለተቀመጡት «እኔ የለካሁት እግራችሁን ነው፣ ጭንቅላታችሁን አይደለም፤ ቤት ሄዳችሁ ጭንቅላታችሁን ራሳችሁ ለኩ» ብለዋቸዋል። ግን ልጄ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ስንላት የኖርነውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ አካል ነካችው። ይህን እኔ አላደረግኩላትም። ትምህርት ቤቷም አላደረገላትም። እዚያ አማካሪ አለ፣ ግን ስሙ የሚነሣው ልጆች ሲጣሉ ነው። አምና ደግሞ አንድ ሞቲቬሽናል ስፒከር አምጥተውላቸው «ትችላላችሁ!» ሲያስብላቸው ውሎ ሄደ። ምን እንደሚችሉ አልነገራቸውም።

ቀያሹን ልጆቹ በመሬት መለኪያ መሣሪያ ስም «ጋሽ ቴዎዶላይት» ነው የሚሏቸው። አውራ ጎዳና ነው የሠሩት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ። ኮምቦልቻ፣ ጅማ፣ ሻሸመኔ፣ ዲስትሪክቱን በየተራ ይጠሩታል። እሳቸው አዳራሽ ውስጥ አልቆዩም። «ውጡ» አሉና ሁላችንንም ግቢው ውስጥ አስወጡን። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አንድ አሮጌ ሌቭል፣ የከፍታ ልዩነት መለኪያ መነጽር፣ አቆሙ። በሩ ጋ አንድ ልጅ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም እንጨት ይዞ ቆመ። ልጆቹ ተራ በተራ በመነጽሩ አዩ። «ጋሼ፣ ተገልብጧል!» አለች አንዷ። እውነት ነው፣ የድሮዎቹ መሣሪያዎች ሰውን በጭንቅላቱ አቁመው ነው የሚያሳዩት። «እኔ 30 ዓመት አገሬን ገልብጬ ነው ያየኋት» አሉ። ከሳቃቸው ሳይመለሱ ቁጥር አስጻፏቸው። በእርሳስ ብቻ፣ ቀለም በዝናብ ይሟሟላ። ተደምሮ ተቀንሶ ከግቢው በር እስከ አዳራሹ ደጃፍ 1 ሜትር ከ12 ሳንቲ ሜትር ቁልቁል ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ ልጨምር። የዕድሩ አዳራሽ በየክረምቱ ውኃ ይገባዋል። ሰበቡ የጎረቤት አጥር ነው ተብሎ ስንት ሽምግልና ተቀምጦበታል። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ከጎን ቆመው ያን ቁጥር ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የነበረውን ብታዩ! በ15 ዓመት ልጆች የእርሳስ ጽሑፍ ነገሩ አበቃ።

ከዚያ ጋሽ ቴዎዶላይት ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የመስክ ደብተራቸውን ገለጡ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲወረድ፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ የያዙት ነው። ጥጎቹ ተበልተዋል። ሙቀቱን፣ ወባውን፣ ዕቃ ተሸክሞ አቀበት መውጣቱን ነገሯቸው። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው ያበራል። ቀጥለው የተናገሩትን ግን ደብተሩን እያዩ ነበር። «ከሰባት ወር መስክ በኋላ ቤቴ ስገባ የመጀመሪያ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መራመድ ከጀመረ ሰንብቷል። አየኝና ‹ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?› አለኝ።»

አንድ ልጅ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

እኔ ይህን አገልግሎት የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። የሚሠራ ሰው ስለ ሥራው ስትጠይቁት ወይ ያማርራል ወይ ያሻሽጣል። ዩኒቨርሲቲ ራሱን ይሸጣል፣ የግል ኮሌጅ በየግድግዳው ይለጥፋል። ጡረተኛ ግን የሚሸጠው የለውም። 60 ዓመት ሞልቶት ኬኩ ተቆርጧል፣ መታወቂያውን መልሷል፣ አለቃ አይፈራም። ያተረፈውንም የከሰረበትንም ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥልሃል።

የማይችሉት ነገር ደግሞ አለ፣ ትልቅ ነገር ነው። ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ አያውቁም። እውነቴን ነው። አብዛኞቹ ሲመረቁ መንግሥት መድቧቸዋል። ስማቸው ቦርድ ላይ ተለጥፎ፣ ደብዳቤ ተቀብለው ሄደዋል። ሲቪ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ጽፈው አያውቁም። ከመካከላቸው አንዱ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መቅረቱን እንኳ አልሰሙም። ልጆቹን «ዘንድሮ ማትሪክ አለባችሁ፣ በርቱ» ሲሏቸው ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመውጫ ፈተና እንዳለም የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ክፍተቱን የሞላችው ያቺ ፍላሽ ይዛ ሱቄ የመጣችው ወጣት ናት። አስተባባሪያቸው እሷ ናት። ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ኢንጂነሩ «ተምራችሁ ውጡ እንጂ አገር ትፈልጋችኋለች» ሲሉ እጇን አወጣች። በጣም በትሕትና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል» አለች። ከቦርሳዋ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። ያመለከተችባቸውን ቦታዎች በቁጥር ይዛለች። 61 ናቸው። ለቃለ መጠይቅ የጠሯት ሦስት ናቸው። በሁለቱ የሁለት ዓመት ልምድ ጠየቋት። ሦስተኛው እስካሁን አልደወለም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኢንጂነሩ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉና «እኛ ይህን አላየንም» አሉ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ከእያንዳንዱ ጡረተኛ ቀጥላ አሥር አሥር ደቂቃ መናገር ጀመረች። ከሰባቱ ቀጥሎ ስምንተኛዋ እሷ ናት ብዬ ነው የምቆጥራት። 600 ብሩ ለሻይና ለመምህራኑ ትራንስፖርት ነው ተብሏል። እሷ ይከፈላት እንደሆነ ጠይቄ ሳቀች። ለሚቀጥለው ዙር አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ ብባል፣ ይህቺን ልጅ ክፈሏት ነው የምለው።

የግብርናው ባለሙያና የፊዚክስ መምህሩ ደህና ነበሩ። ብዙ የምለው የለኝም። መምህሩ አሁንም ክፍል ውስጥ ያሉ መስሏቸው ሁለት ልጅ አስወጥተዋል።

የባንኩን ሰውዬ ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ሲገቡ ማንም ቁምነገር ብሎ አላያቸውም። ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ የእጅ ቦርሳ። ሒሳብ ሠራተኛ ማን ያያል? ወላጁም ናቹራል፣ ናቹራል እያለ ነው ያደገው። ዩኒቨርሲቲ ሰባ በመቶ ናቹራል፣ ሰላሳ በመቶ ሶሻል ይቀበል ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ ሶሻል የሰነፍ መጠጊያ ሆኖ ቀርቷል።

ሰውየው አልተናገሩም። በቡድን በቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን 40 የገንዘብ ደረሰኝና አንድ የመዝገብ ገጽ አደሉ። የደረሰኙ ድምርና የመዝገቡ ድምር አይገጥምም። መዝገቡ በ27 ብር ይበልጣል። «ቅርንጫፉ ተዘግቷል። ዘበኛው ቁልፍ ይዞ ቆሟል። 27ቷ ብር ሳትገኝ ማንም ቤቱ አይሄድም» አሉና ተቀመጡ።

ልጆቹ መደመር ጀመሩ። እንደገና ደመሩ። አንዱ ቡድን «ሃያ ሰባት ብር ከኪሳችን እንክፈል» አለ። «ከኪስህ ከከፈልክ ስህተቱን ቀበርከው፣ ነገ ሁለት መቶ ሰባ ሆኖ ይነሣል» አሉት። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ተነሡና ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ። 27 ለ9 ይካፈላል? ይካፈላል፣ 3። «ልዩነቱ ለ9 ሲካፈል ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ቁጥር ገልብጦ ጽፏል ማለት ነው። መልሱ 3 ከሆነ፣ ሁለት አኃዞቹ በ3 የሚበላለጡ ቁጥር ፈልጉ።»

ልጄ መጮህ አይሆንላትም። ክፍል ውስጥም እጇን አታወጣም ይሉኛል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግን «አገኘሁት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእሷ ነው። ደረሰኙ 58 ይላል፣ መዝገቡ 85። ወረቀቱን ወደ ላይ ይዛ ቆማለች፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

ስድስተኛው ቅዳሜ የግል ምክር ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከፈለጋቸው ሁለት ሰዎች ጋር ሩብ ሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ይህ ሩብ ሰዓት አጭር ነው፣ ቢያንስ ግማሽ ቢሆን። ልጄ ጋሽ ቴዎዶላይትንና የባንኩን ሰውዬ መረጠች። እኔ ከጎን እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ፣ ዝም እንድል ቃል አስገብታ።

ጋሽ ቴዎዶላይት የጠየቋት አንድ ነገር ነው። «ሦስት ሳምንት ከማታውቂው ሰው ጋር ድንኳን ውስጥ ማደር ትችያለሽ?» አሰበች፣ ቆይታ «አላውቅም» አለች። «እንግዲያው ክረምት ላይ አያትሽ አገር ሂጂና ሞክሪው። ካልሆነልሽ ትመለሻለሽ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ በኋላ ግን መመለሻው ሩቅ ነው።»

የባንኩ ሰውዬ ጋ ስትሄድ ፊቷ በርቷል። ሒሳብ መማር እፈልጋለሁ ልትላቸው ነው፣ ከአሁኑ ያስታውቃል። እሳቸውም ገብቷቸዋል መሰለኝ ቀድመዋት ተናገሩ።

«ያን ቀን ጮኽሽ አይደል?»

«አዎ፣» አለች እያፈረች።

«እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የጮኽኩት ምናልባት አሥር ጊዜ ነው። የቀረው ቀን መደመር ነው።» የሒሳቡን ነው፣ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጡት። «ጩኸቱን እንደወደድሽው አይቻለሁ። መደመሩን ትወጂዋለሽ ወይ? እሱን እኔ ልነግርሽ አልችልም። እናትሽ ሱቅ አላት አሉ። ለአንድ ወር ማታ ማታ የሱቁን ሒሳብ አንቺ ዝጊ። በሃያኛው ቀን ካልሰለቸሽ ተመለሽና እናወራለን።»

ስልክ ቁጥራቸውን ጽፈው ሰጧት። ይህ በ600 ብሩ ውስጥ አልነበረም።

ለሚመዘገቡ ወላጆች፦ ከተቻለ 12ኛ ክፍል ሳይደርሱ ላኳቸው። 12ኛዎቹ ፈተናው ስላስጨነቃቸው ግማሹን ሰዓት ሌላ ቤት ነበሩ። 9ኛዎቹ ደግሞ ተጫወቱ። የጠቀመው 10ኛዎቹን ነው። ትራስ ቢጤ ያዙ፣ አግዳሚው ወገብ ይሰብራል። የግቢው መጸዳጃ ቤት ቁልፍ ከዕድሩ ጸሐፊ ይጠየቃል፣ ጸሐፊው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አይገኙም። ሻይ አለ፣ ዳቦው የሚበቃው ቀድሞ ለደረሰ ነው። መቶ ብር ለአንድ ቅዳሜ ውድ አይደለም፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ከዚህ በብዙ ይበልጣል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩትን ሰውዬ በሌላ ሰው እስኪተኳቸው ድረስ ግን ለአዘጋጆቹ ከአሥር ሰባት ነው የምሰጣቸው። ሲስተር ከሌሉበት ዙር አምስት።

ልጄ ሒሳቡን መዝጋት ከጀመረች ዛሬ 17ኛ ቀኗ ነው። ሰነፍ ሒሳብ ያዥ መሆኔን አሁን ነው ያወቅኩት። ትናንት ማታ እራት አቀርባለሁ፣ እሷ ጠረጴዛው ላይ ደረሰኝ ዘርግታለች። 63 ብር ጎደለ። እኔ «ተይው፣ አንዱ ተማሪ ዱቤ ወስዶ ይሆናል» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። እርሳሱን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ለዘጠኝ፣ ሰባት» ስትል ሰማኋት። ወጡ ቀዝቅዞ እንደገና አሞቅኩት።

«እማዬ፣ የአሥራ ስምንት ብሩን ኮፒ ሰማንያ አንድ ብለሽ ጽፈሻል።»

ናቹራል ወይ ሶሻል ገና አልወሰነችም። እኔም አልጠይቃትም፣ ሦስት ቀን ይቀራታል። ለአያቷ ግን ምንም አልነገርናትም። ጉልበቷን ይዛ እየጠበቀች ነው።